የጨቅላ አንጎል ሽፋን፦ የማግኔት ምስል ስለ የቲሞች ምን ይነግረናል?



በጫግኒም ሆነ በሌሎች የአዊ ዞን ከተሞች አንድ ሕፃን የቲም ሆነ ሲባል፣ በጎ አድራጊው ወገን በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ደብተሩ፣ ስለ ደንብ ልብሱ፣ ስለ ጫማውና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሕፃኑ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሞልቶት ለትምህርት ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ «ገና ሕፃን ነው፤ ምን ያውቃል?» እየተባለ ይታለፋሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ምን ያውቃል?» የተባለው ጨቅላ በራስ ቅሉ ውስጥ ምን ያህል ታላቅ ግንባታ እያካሄደ እንደሆነ ነው። ይህን ግንባታ በሕይወት ባለ ሕፃን ላይ ለማየት ያስቻለው ኤም አር አይ በሚል ስም የሚታወቀው የማግኔት ምስል መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ከተገኙት ውጤቶች መካከል አንዱ ወላጅ አልባ ሕፃናትን በቀጥታ የሚመለከት በመሆኑ፣ የቲሞችን የሚደግፍ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ማይሊን ምንድን ነው?

የሰው አንጎል በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ መልእክቱን ወደ ሌላው የሚያደርሰው እንደ ሽቦ በተዘረጋ ቀጭን ክር አማካይነት ነው። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ሁሉ፣ ከእነዚህ ክሮችም ብዙዎቹ ማይሊን በተባለ ስብ በበዛበት ነገር ይሸፈናሉ። ሽፋኑን የሚሠሩት ለዚሁ ተግባር የተመደቡ ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ሕዋስ ብዙ እጆች እንዳሉት ሆኖ በበርካታ ክሮች ላይ ማይሊኑን እንደ ጥምጣም ደጋግሞ ይጠመጥመዋል። ውኃው ተወግዶ ሲመዘን ከማይሊን ክብደት አብዛኛው ስብ ነው። የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነጭ መስሎ የሚታየውና «ነጩ ክፍል» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽፋኑ ለምን ያስፈልጋል? ባልተሸፈነ ክር ላይ መልእክት የሚጓዘው በሴኮንድ እስከ ሁለት ሜትር ያህል ነው። በወፍራምና በሚገባ በተሸፈነ ክር ላይ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ መቶ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሽፋኑ በየመሐሉ ትንንሽ ክፍተቶች ስላሉት መልእክቱ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳልና ነው። ሕፃን አንገቱን ሲያቀና፣ የእናቱን ፊት ለይቶ ሲስቅ፣ ሲቀመጥ፣ ሲቆም፣ የሰማውን ቃል ደግሞ ሲናገር፣ እነዚህ ሁሉ ችሎታዎች በየጊዜያቸው መልእክት በፍጥነትና በቅደም ተከተል እንዲደርስ የሚሹ ናቸው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጎል ከአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን መጠኑ ከመቶ 80 ገደማ ይደርሳል። የማይሊን ሥራ እስከ ወጣትነት ዕድሜና ከዚያም በኋላ የሚቀጥል ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚፋጠነው በእነዚሁ ሁለት ዓመታት ነው።

ከሙታን አንጎል ወደ ሕያዋን ምስል

ማይሊን የሚለውን ስም የሰጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1854 ነበር። ከእርሱ በኋላ ፓውል ፍሌክሲግ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በላይፕሲግ ከተማ የሞቱ ሕፃናትን አንጎል እየመረመረ፣ ሽፋኑ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራና የራሱ ተራ እንዳለው አሳየ። ይህ ታላቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን መንገዱ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ የሞተ ሕፃን አንጎል የሚያሳየው አንዲትን ቀን ብቻ ነው። ያው ሕፃን ከስድስት ወር በኋላ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምግቡ ወይም አያያዙ ቢለወጥ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም ነበር።

ይህን ችግር የፈታው የማግኔት ምስል ነው። አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1973 በማግኔት አማካይነት የውስጥ አካልን ምስል ማንሳት እንደሚቻል አሳየ፤ እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም ዘዴውን አዳበረው። ሁለቱ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

መሣሪያው የሚሠራው በአካላችን ውስጥ ባለው ውኃ ነው። በውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ኃይለኛ ማግኔት ሲቀርበው አቅጣጫውን ያስተካክላል። የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ከቦታው ይናወጣል፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ወደ ቀድሞው ሁኔታው እየተመለሰ ደካማ ምልክት ይሰጣል። ኮምፒዩተር ምልክቶቹን ሰብስቦ ምስል ያደርጋቸዋል። በሆስፒታሎች የተለመደው መሣሪያ የማግኔት ኃይል ከምድር ማግኔት በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር ስለማይጠቀም ግን አንድን ሕፃን በየጊዜው ደጋግሞ መመርመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መሣሪያው ማይሊንን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ውኃን ነው። በማይሊን ጥምጣሞች መካከል ተይዞ ያለ ውኃ እንደ ልቡ ከሚንቀሳቀሰው ውኃ ይልቅ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋል። ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው በማስላት፣ በአንድ ቦታ ምን ያህል ማይሊን እንዳለ ይገምታሉ። ሌላው ዘዴ ደግሞ የውኃውን ፍሰት አቅጣጫ መለካት ነው። ውኃ በቦይ ርዝመት በቀላሉ እንደሚፈስና በግድግዳው በኩል እንደሚከለከል ሁሉ፣ በነርቭ ክሮች ውስጥም እንዲሁ ነው። በዚህም የክሮቹ መስመር በሚገባ መደራጀቱ ይታወቃል።

የተኛ ሕፃን ምርመራ

ሕፃን እንደ አዋቂ «አትንቀሳቀስ» ተብሎ የሚታዘዝ አይደለም። መሣሪያው ደግሞ እጅግ የሚጮኽ ነው። በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ሾን ዲዮኒና የሥራ ባልደረቦቻቸው መፍትሔ ያገኙት ማንኛዋም እናት በምታውቀው ዘዴ ነበር። ሕፃኑ ጠግቦ እንዲጠባ ይደረጋል፤ ይጠቀለላል፤ በእንቅልፍ ሰዓቱ ይተኛል፤ ጆሮው ይሸፈናል፤ መሣሪያውም ድምፁ እንዲቀንስ ይስተካከላል። የማደንዘዣ መድኃኒት ሳያስፈልግ ሕፃኑ እንደተኛ ምስሉ ይነሣል።

በዚህ መንገድ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 11 ወር የሆነ 14 ጤነኛ ሕፃናት ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ምስሎቹ ፍሌክሲግ ከሙታን የተረዳውን ተራ በሕያዋን ላይ አረጋገጡ። ሽፋኑ የሚጀምረው ከታችና ከኋላ ነው፤ ማለትም ሚዛንን ከሚጠብቀው ትንሹ አንጎል፣ መተንፈስንና የልብ ምትን ከሚመራው ግንደ አንጎል አካባቢ ነው። ቀጥሎ የማየት መስመሮች ይሸፈናሉ። በመጨረሻ የፊተኛውና የጎን ክፍሎች ተራ ይደርሳል፤ እነርሱም ለቋንቋ፣ ለማስታወስ፣ ለትዕግሥትና ለማቀድ የሚያገለግሉት ናቸው።

ሐኪሞችም ይህን ተራ ለምርመራ ይጠቀሙበታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የአንጎል ምስል ከአዋቂው ጋር ሲተያይ ጥቁሩና ነጩ የተገላቢጦሽ ነው። ማይሊኑ እየተሠራ ሲሄድ ምስሉም እየተለወጠ፣ በአንደኛው የምስል ዓይነት በአንድ ዓመት ገደማ፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ በሁለት ዓመት ገደማ የአዋቂውን መልክ ይይዛል። ሐኪሙም ከዚህ ተነሥቶ ዕድገቱ በጊዜው መሆኑንና መዘግየቱን ይለያል።

ሽፋኑ በምን ይሠራል?

ቤት ያለ ድንጋይና ያለ እንጨት እንደማይሠራ ሁሉ፣ ማይሊንም ያለ ምግብ አይሠራም። ስብ፣ ፕሮቲን፣ ብረት፣ አዮዲንና ቫይታሚን ቢ12 ያስፈልጉታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚሁ የብራውን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ10 ወር እስከ 4 ዓመት የሆኑ 133 ሕፃናትን መርምረው፣ ቢያንስ ሦስት ወር የእናት ጡት ብቻ የጠቡት በዱቄት ወተት ካደጉት ይልቅ የነጩ ክፍል ዕድገታቸው የላቀ መሆኑን ዘገቡ። እርግጥ ነው፣ የሚያጠቡና የማያጠቡ እናቶች በሌላም ነገር ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ልዩነቱን ያመጣው ወተቱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም ጡት ማጥባት ስለሚሰጠው ጥቅም ከሌላ ወገን ከሚታወቀው ጋር የሚስማማ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለክልላችን በጣም የሚቀርበው ምሳሌ የአዮዲን ጉዳይ ነው። አዮዲን ያለበት ጨው የማያገኝ ሰው፣ በተለይም ዝናብ አፈሩን በሚያጥበው ደጋ፣ ለእንቅርት ይጋለጣል። ጉዳቱ ግን አንገት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከአዮዲን የሚሠራው የታይሮይድ ሆርሞን ማይሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት የሚያነቃ በመሆኑ፣ እናቲቱ አዮዲን ካነሳት የጽንሱ አንጎል ይጎዳል። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች በአማራ ክልል ስድስት ዞኖች 60 ወረዳዎችን በዕጣ መርጠው፣ ከፊሎቹ አዮዲን ያለበትን ጨው ቀደም ብለው እንዲያገኙ አደረጉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም፣ ጨው ቀድሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች የነበሩ ሕፃናት በአእምሮ ዕድገት መለኪያ የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው ታወቀ። እዚያ ኤም አር አይ አልነበረም፤ የተለካው ሕፃናቱ የሚሠሩት ነገር ነበር። ሁለቱ ግን ይደጋገፋሉ፤ ምስሉ ግንባታውን ያሳያል፤ መለኪያው ደግሞ የግንባታውን ፍሬ።

የቡካሬስት የቲሞች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ምግብ ብቻውን ይበቃልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት የሩማንያ ወላጅ አልባ ሕፃናት ናቸው።

የቻውሼስኩ መንግሥት በእ.ኤ.አ. 1989 መጨረሻ ሲወድቅ፣ በሩማንያ ከ100,000 በላይ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያዎች ተከማችተው ተገኙ። ብዙዎቹ ይመገቡ፣ ይለብሱ፣ ይታጠቡ ነበር። የጎደላቸው የሚያቅፋቸው፣ የሚያናግራቸው፣ ሲያለቅሱ የሚደርስላቸውና የእኔ የሚሉት ሰው ነበር። አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናትን ስለምትይዝ፣ ጨቅላዎቹ ሰዓታትን ጣራ እያዩ ያሳልፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከተማ ጥናት ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆኑ 136 የማሳደጊያ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለዚሁ ተብለው በተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ ገቡ፤ ግማሾቹ በነበረው አያያዝ ቀጠሉ። በወላጆቻቸው ቤት የሚያድጉ ሕፃናትም ለማነጻጸሪያ ተጨመሩ። በየቲም ላይ ዕጣ መጣል ተገቢ ነውን? የሚል ብርቱ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሰጡት መልስ፣ በከተማይቱ በዚያን ጊዜ የአሳዳጊ ቤተሰብ ሥርዓት አልነበረም ለማለት እንደሚቻል፣ በጥናቱም ምክንያት ማንም ሕፃን በማሳደጊያ እንዲቆይ እንዳልተገደደና ቤተሰብ ከተገኘለት መውጣት ይችል እንደነበር ገልጸዋል።

ሕፃናቱ ከ8 እስከ 11 ዓመት ሲሞላቸው 74ቱ በኤም አር አይ ተመረመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በማሳደጊያ አያያዝ የቀጠሉት ሕፃናት ነጩ የአንጎል ክፍል በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት ግን በነጩ ክፍል መጠን በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። ግራጫው ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሳቱ ራሳቸው የሚበዙበት ስፍራ፣ በማሳደጊያ ባለፉት በሁለቱም ወገኖች ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ ምርመራም፣ የውኃ ፍሰትን በሚለካው ዘዴ ሲታይ፣ በአንዳንድ የነጩ ክፍል መስመሮች ላይ የቤተሰብ አያያዝ ጉዳቱን እንደጠገነ ታየ።

ይህ ምን ማለት ነው? ሽፋኑ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ በመሆኑ፣ ዘግይቶም ቢሆን የደረሰለት ሕፃን የሚመለስለት ነገር አለ። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አይመለስም። በዚሁ ጥናት በሌሎች መለኪያዎች፣ በተለይም ከአሳዳጊ ጋር በሚኖረው መተማመንና በአእምሮ ብስለት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ዘግይተው ካገኙት ይልቅ ተጠቅመዋል። ሩማንያም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ከሌለባቸው በስተቀር ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በማሳደጊያ እንዳይቀመጡ ከለከለች።

መሣሪያውና እኛ

የተለመደው የኤም አር አይ መሣሪያ እጅግ ውድና ከባድ ነው፤ ልዩ ክፍል፣ የማያቋርጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል። ከዚህ የተነሣ ስለ ሕፃናት አንጎል የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከሀብታም አገሮች ሕፃናት የተገኘ ነው። ይህ እየተለወጠ ነው። ከተራ የመብራት ሶኬት የሚሠራና በጎማ እየተገፋ የሚሄድ አነስተኛ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የማግኔት ኃይሉ ከተለመደው ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ በመሆኑ ምስሉ ያን ያህል የጠራ አይደለም፤ የሕፃንን አንጎል ዕድገት ለመከታተል ግን ይረዳል። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ «ኩላ» በተባለው ጥናት ውስጥ የሕፃናት የመጀመሪያ አንድ ሺህ ቀናት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ጭምር ተጠንተዋል።

እንግዲህ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ማንም ወላጅ ወይም አሳዳጊ ለጤነኛ ሕፃን ኤም አር አይ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መንከራተት የለበትም። ምርመራው ሐኪም ሲያዝ የሚደረግ ነው። ምስሉ ለእኛ የሚጠቅመው በሌሎች ሕፃናት ላይ የታየው ነገር በእኛ ሕፃናት ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚገባ ስለሚያመለክተን ነው።

ጉዳዩ ለጫግኒ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በከተማይቱ አቅራቢያ ራንች በተባለው ስፍራ ሲጠለሉ፣ ጨቅላዎችም አብረው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረትም፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 41ዱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያጠሩ ነበሩ። መቀንጨር የቁመት ብቻ ሳይሆን የአንጎል ግንባታም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የቲምን የሚደግፍ ሰው ወይም ማኅበር የሚከተሉትን ቢያስብ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ድጋፉ ትምህርት ቤትን አይጠብቅ። በየቤቱ ያሉ የቲሞች ሲመዘገቡ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ተለይተው በቅድሚያ ይያዙ።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑን የያዘችው አያት ወይም አክስት ትደገፍ። አሳዳጊዋ ከጠዋት እስከ ማታ በቀን ሥራ የምትውል ከሆነ፣ ሕፃኑን የሚያቅፈውና የሚያናግረው ማን ነው? ለእርሷ የሚሰጥ ወርኃዊ ገንዘብ ለሕፃኑ የሚሰጥ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ለቤተሰብና ለማኅበረሰብ ቅድሚያ ሰጥቶ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። የውጭ ጉዲፈቻም እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ ስለተከለከለ፣ ቤተሰብ ሊገኝ የሚገባው ከመካከላችን ነው።

ሦስተኛ፣ እናቱ የሞተችበት ጨቅላ የሚያጠባው ሰው ይፈለግለት። በእምነታችን የጥቢ ዝምድና የታወቀና የተከበረ ነው። አጥቢዋ ግን አስቀድማ በጤና ጣቢያ ትመርመር። አጥቢ ካልተገኘች፣ የሕፃኑ ምግብ ከጤና ባለሙያ ጋር ተመክሮ ይወሰን።

አራተኛ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎው በእንቁላል፣ በወተትና በጥራጥሬ ይዳብር። ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

አምስተኛ፣ ሕፃኑን አዝሎ መሄድ፣ እሹሩሩ ማለት፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ማጫወት፣ ሲያለቅስ ፈጥኖ መድረስ እንደ ትርፍ ነገር አይታይ። አያቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ ሲያደርጉት የኖሩት ይህ አያያዝ፣ የቡካሬስት ሕፃናት አጥተውት በአንጎላቸው ምስል ላይ ጉድለቱ የታየው ነገር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ለየቲም ልብስ መስጠት የታወቀ ምግባር ነው። ልብስ ቢዘገይ በሚቀጥለው ዒድ ሊገዛ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሠራው የአንጎል ሽፋን ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና «ሀ» ተብሎ አይጀመርም። በአካባቢያችሁ ገና የሚዳኽ የቲም ካለ፣ ጊዜው ዛሬ ነው።